ዱቄቱን ተከትሎ፦ ከአዲስ ዓለም እስከ ወንጪ ደሴት የአሮጌ ቤቶችና የወፍጮዎች ጉዞ

በአስኮ ወጥቶ፣ ቡራዩንና ሆለታን አልፎ ወደ አምቦ የሚወስደውን መንገድ አብዛኛው ተጓዥ የሚያውቀው በፍል ውሃው ነው። አርብ ማታ ይሄዳል፣ ይዋኛል፣ ጥብስ ይበላል፣ እሑድ ይመለሳል። ይህ መመሪያ በዚያው መንገድ ላይ ሌላ ዓይነት እረፍት ለማሳለፍ ለሚፈልግ አንባቢ የተጻፈ ነው። የአፄ ምኒልክን ሁለተኛ ከተማ አዲስ ዓለምን፣ በቀድሞ ስሟ ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችውን አምቦን፣ የገጠሩን ወፍጮዎችና የወንጪን ሐይቅ ከነደሴቱ በሦስት ቀን ማዳረስ ይቻላል። አራት ቀን ካለዎት ግን ሦስት አይበሉ።

አሮጌ ቤት ስንጎበኝ ዘውዱን፣ ዙፋኑን፣ ጎራዴውንና ካባውን አይተን እንወጣለን። በዚያ ቤት ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ምን ይበላ እንደነበር፣ እንጀራው ከምን ዱቄት እንደተጋገረ፣ ዱቄቱንም ማን እንደፈጨው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የድሮ ግቢ ግን እልፍኝና አዳራሽ ብቻ አልነበረም። ወጥ ቤት፣ እንጀራ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ግምጃ ቤትና ወፍጮ ቤት ነበረው። ግብር በሚበላበት ቀን በሺዎች የሚቆጠር ሰው ተራ በተራ ሲስተናገድ፣ ከአዳራሹ በስተጀርባ ብዙ ሴቶች ከሌሊት ጀምረው በድንጋይ ላይ ጎንበስ ብለው ይፈጩ ነበር። ሠራዊት ሲዘምትም ወፍጮው አብሮ ይዘምት ነበር። ስለዚህ ምክሬ ይኸው ነው፤ ቤቱንና ወፍጮውን አንድ ላይ ይጎብኙ። አንዱን አይቶ ሌላውን የተወ ሰው የታሪኩን ግማሽ ብቻ ነው ያየው።

ወሩን መምረጥ

ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ጊዜ ከሁሉ ይበልጣል። ክረምቱ አልፎ ጭቃው ደርቋል፣ ምንጮቹና ወንዞቹ ግን ገና አልሸሹም። ከሁሉ በላይ አዝመራው የሚሰበሰብበትና የሚወቃበት ወቅት ነው። አዲስ እህል ስለሚገባ ወፍጮ ቤቶች ሥራ ይበዛባቸዋል፤ ሥራ የፈታ ወፍጮ ማየት ደግሞ ብዙም አያስተምርም። ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ባለው ጊዜ ግን ወደ ወንጪ የሚወርዱት የእግር መንገዶች ያንሸራትታሉ፣ ሐይቁም ብዙ ጊዜ በጉም ይሸፈናል።

ቀን ቆርጠው መነሳት ከቻሉ ኅዳር 21ን ያስቡበት። የጽዮን ማርያም በዓል ስለሆነ አዲስ ዓለም ማርያም በምእመናን ትሞላለች። በሌላ በኩል ቤቱን በጸጥታ፣ ዕቃውን በዝግታ ማየት የሚፈልግ ሰው ከበዓሉ አንድ ሁለት ቀን ቢዘገይ ይሻለዋል። ያስታውሱ፤ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፣ እስከ ገና ዋዜማም ይቆያል። በዚህ ጊዜ በብዙ ቤት ቅቤና ሥጋ የለም። ይህ ለእኛ ጉዞ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም በሶውን፣ ቆሎውን፣ ሽሮውንና የተልባውን ፍትፍት በደንብ የሚያውቁት በጾም ነው። ጩኮን ግን ለመቅመስ ከፈለጉ ከጾሙ ውጭ ይምጡ፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅመም በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ የሚሠራ ነውና።

ከመነሳትዎ በፊት

መጀመሪያ የመንገዱን ሰላም ያጣሩ። ባለፉት ዓመታት በምዕራብ ሸዋ አንዳንድ ቦታዎች መንገድ የሚዘጋባቸው ጊዜያት ነበሩ። በቴሌቪዥን የሰሙትን ብቻ ይዘው አይነሱ። አምቦ ወይም ወሊሶ ያለ ዘመድ፣ ሊያድሩበት ያሰቡበት ሆቴል፣ በየቀኑ የሚመላለስ ሹፌር ዘንድ በዋዜማውና በማለዳው ይደውሉ። ሹፌሩ «ዛሬ አይሆንም» ካለ አይሟገቱት።

ገንዘብ በዝርዝር ይያዙ። ለመግቢያ፣ ለአስጎብኚ፣ ለፈረስ፣ ለጀልባ የሚከፈለው በየቦታው ስለሆነ በትልልቅ ብር መክፈል ያስቸግራል። ለከፈሉት ሁሉ ደረሰኝ ይጠይቁ፤ ጥያቄው እርስዎንም ይጠቅማል፣ ገንዘቡ ለአካባቢው ሰው እንዲደርስም ይረዳል።

አለባበስን በተመለከተ፣ አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ላይ ስላለች ቀን ቀን ትሞቃለች። የወንጪ ተራራ ጫፍ ግን 3,386 ሜትር ነው። ጠዋት ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሹራብና ኮፍያ አይርሱ። ሴቶች ለቤተ ክርስቲያን ነጠላና ረዥም ቀሚስ ቢይዙ፣ ሁሉም ሰው ደግሞ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ ቢያደርግ መልካም ነው። በወፍጮ ቤት ለአፍንጫ መሸፈኛ የሚሆን ጨርቅ ወይም ማስክ ያስፈልግዎታል።

ከዚያ ጥቂት ኦሮምኛ። የአካባቢው ሰው አማርኛ ያውቃል ብለው በአማርኛ ብቻ ከጀመሩ መልስ ያገኛሉ፤ በራሳቸው ቋንቋ ሰላም ካሉ ግን ወሬ ያገኛሉ። ትልቅ ሰውን «ኦቦ»፣ እናትን «አዴ» ብለው ይጥሩ። «አካም ጅርቱ» ደኅና ናችሁ ማለት ነው፤ «ገለቶማ» ምስጋና ነው። «መኒ ዳኩ ኤሳ ጅራ?» ብለው ቢጠይቁ ወፍጮ ቤቱን ያሳዩዎታል።

ሆለታ፦ ከውጭ አይተው ይለፉ

ሆለታ አፄ ምኒልክ ያርፉበት የነበረ ስፍራ ነው። በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች የሚመራው የገነት ጦር ትምህርት ቤት እዚህ ተከፈተ። ትምህርት ቤቱ ገና ተማሪዎቹን አስተምሮ ሳይጨርስ የጣሊያን ወረራ መጣ፤ ከዕጩ መኮንኖቹም ብዙዎቹ በ1928 ዓ.ም. ወደ አርበኝነት ገቡ፣ ጥቁር አንበሳ በተባለው ማኅበርም ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ይህን እያሰቡ ማለፍ ይገባል። ነገር ግን ቦታው እስካሁን የጦር ኃይል ስለሆነ ያለ ፈቃድ አይጠጉ፤ ከመኪና መስኮትም ቢሆን ፎቶግራፍ አያንሱ። ቁርስ በልተው ይቀጥሉ።

አዲስ ዓለም፦ ሊቆም የታሰበ ዋና ከተማ

ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከኮረብታ ላይ ከዛፎች መካከል የሚታየው ግቢ የጉዞው ትልቁ አሮጌ ቤት ነው። እዚህ ቢያንስ ግማሽ ቀን ይቆዩ።

ታሪኩ የማገዶ ታሪክ ነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ገና አሥራ ጥቂት ዓመት ሳይሞላት በዙሪያዋ ያለው ደን ለቤት መሥሪያና ለምድጃ ተቆርጦ አለቀ። ያን ጊዜ ከተማ ማለት እንጨት እስካለ ድረስ የሚኖርበት ስፍራ ነበር፤ እንጨቱ ሲያልቅ ንጉሡ ከነሠራዊታቸው ይነሳሉ። አፄ ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. አካባቢ ዛፍ ወደሚገኝበት ወደ ምዕራብ ተሻግረው አዲስ ከተማ ማሠራት ጀመሩ፤ አዲስ ዓለም አሉትም። ከአዲስ አበባ እስከዚያ ያስጠረጉት መንገድ በሀገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው። ዛሬ እርስዎ በአስፋልት የሚከንፉበት አቅጣጫ የያኔው የንጉሡ ጎዳና ነው።

ዋና ከተማው ግን ሳይዛወር ቀረ። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ድንጋይ ተክቦ፣ ብዙ ቤት ተሠርቶ ነበር። ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍም ቶሎ ማደጉ ታየና የማገዶውን ጭንቀት አቀለለው። ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ስፍራ ለማርያም ተሰጠ። ስለዚህ ዛሬ የሚያዩት ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ግቢ ሆኖ የተጀመረ መሆኑን በልብዎ ይዘው ይግቡ፤ አጥሩን፣ በሮቹን፣ የቤቶቹን አቀማመጥ በዚያ ዓይን ይዩ።

እንዲህ ያድርጉ። በመጀመሪያ ቅዳሴ ያለመኖሩን ያረጋግጡ፤ ካለ እስኪያልቅ ይጠብቁ። ከዚያ የደብሩን አስተዳደር ጠይቀው በሙዚየሙ ይጀምሩ። የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌ ጣይቱ ዘመን ዕቃዎች፣ ዘውዶችና አልባሳት፣ የጦር መሣሪያዎች ያያሉ። አስረጂው ሲናገር አያቋርጡት፤ የሚነግርዎት ከአፍ ወደ አፍ የመጣ ስለሆነ አንዱን ከመሀል ካቋረጡት ሌላውም ይጠፋበታል። ሲጨርስ ግን ይጠይቁ። ወጥ ቤቱ የት ነበር? ውሃው ከየት ይቀዳ ነበር? እህሉ በምን ይቀመጥ ነበር? ወፍጮውስ የት ነበር? እነዚህን ጥያቄዎች የሚጠይቅ እንግዳ ስለማይበዛ አንዳንድ ጊዜ ሽማግሌ እስኪጠሩልዎ ድረስ ነገሩ ሊሰፋ ይችላል። የሚጠብቁት ሰዓት አይቆጭዎትም።

ከሙዚየሙ ሲወጡ ግቢውን በእግርዎ ይዙሩ። አሮጌ ቤት ሲያዩ ከጣሪያው አይጀምሩ፤ ጣሪያ በየዘመኑ ይቀየራል፣ ሣር የነበረው ቆርቆሮ ይሆናል። ከመሠረቱ ይጀምሩ። ድንጋዩ የተጠረበ ነው ወይስ እንደተገኘ የተካበ? የተያያዘው በኖራ ነው ወይስ በጭቃ? ግድግዳው ላይ የተፈነቀለ ቦታ ካለ ውስጡን ይመልከቱ፤ ጭቃው ከጭድ ጋር የተቦካ ከሆነ ቃጫዎቹ ይታያሉ። ደጃፉና መስኮቱ ላይ የእንጨቱን ውፍረት ይዩ። ደን ስላለበት የተመረጠ ስፍራ መሆኑን ያስታውሱ፤ እንጨቱ የታሪኩ ምክንያት ነው። በእጅዎ ግን አይነካኩት፣ ስምዎንም አይጻፉበት።

ከወጡ በኋላ በከተማይቱ ዳርና በየመንደሩ ያሉትን ጎጆ ቤቶችም ይዩ። ምሰሶው፣ ማገሩ፣ የጭቃው ምርግ፣ የሣሩ ክዳን ሁሉም የሰው እጅ ውጤት ነው፤ ታሪካዊ የሚለው ስም ለድንጋይ ቤት ብቻ መሰጠቱ ትክክል አይመስለኝም። የሣር ክዳን ቤት በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። ባለቤቱ ከፈቀደልዎት ገብተው ቀና ብለው ጣሪያውን ከውስጥ ይዩት።

ጊንጪን አልፎ አምቦ

ጊንጪ ላይ የገበያ ቀን ከገጠመዎት ይውረዱ። እህል ተራ ገብተው ነጭና ቀይ ጤፉን፣ ገብሱን፣ ኑጉን በዓይንዎ ይለዩ፤ ሻጯን «ይሄ ለምን ይሆናል?» ብለው ይጠይቁ። አንዱ ገብስ ለጠላ፣ ሌላው ለበሶ፣ ሌላው ለቆሎ እንደሚመረጥ ትነግርዎታለች። ሁለት ሦስት ኪሎ ጥሩ ገብስ ይግዙ። ነገ ያስፈልግዎታል።

አምቦ ከአዲስ አበባ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። እዚህ ሁለት ሌሊት ይደሩ። በፍል ውሃው ገንዳ መታጠብ የመንገድ ድካም ያወጣል፤ በስሟ የሚጠራው ማዕድን ውሃ ደግሞ ከምንጩ ጋዝ ይዞ የሚወጣ ሲሆን በጠርሙስ ታሽጎ መሸጥ የጀመረው ከጣሊያን ወረራ በፊት ነው። በ1939 ዓ.ም. የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት ዛሬ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በ1928 ዓ.ም. የተወለደው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የዚህ አካባቢ ልጅ ነው። ጊዜ ከተረፈዎት 12 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ሄደው የጉደርን ፏፏቴ ይዩ።

ወፍጮ ቤት እንዴት ይጎበኛል

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። አምቦም ሆነ ማንኛዋም የምዕራብ ሸዋ ከተማ ውስጥ ወፍጮ ቤት አይጠፋም። ድምፁ ይመራዎታል፤ ከዚያም ደጃፉ ላይ ማዳበሪያ የጫኑ አህዮችና ጋሪዎች። ጠዋት ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ይሂዱ፤ በዚያ ሰዓት ወረፋው ይበዛል።

ባዶ እጅዎን አይግቡ። ጊንጪ ላይ የገዙትን ገብስ ይዘው እንደማንኛውም ደንበኛ ወረፋ ይያዙ። ያን ጊዜ ጎብኚ መሆንዎ ይቀርና ሰው ያጫውትዎታል። ገብሱ ግን እንዲሁ አይፈጭም። ለበሶ ከሆነ መጀመሪያ በሙቀጫ ተሸክሽኮ ገለባው ይለቅቃል፣ ይነፈሳል፣ ከዚያ ይቆላል። ያደሩበት ቤት ሰዎች ወይም የሚያውቁት ቤተሰብ ካለ በዋዜማው እንዲያዘጋጁልዎ ይለምኑ፤ የድካማቸውን ይክፈሉ። እርስዎም ዘነዘናውን ይዘው ይሞክሩ።

ውስጥ ሲገቡ የሚያዩትን በቅደም ተከተል ይከታተሉ። እህሉ ይመዘናል። ከላይ ባለው አፍ ይፈስሳል። በመሀል ሁለት ክብ ድንጋዮች አሉ፤ አንዱ ይቆማል፣ ሌላው ይዞራል። እህሉ በመሀላቸው ገብቶ ወደ ዳር እየተገፋ ይደቅቅና በታች በኩል ዱቄት ሆኖ ይወጣል። የዱቄቱ ልመት የሚወሰነው በሁለቱ ድንጋዮች መቀራረብ ነው፤ ፈጪው ሲያጠብቀው ዱቄቱ ይልማል፣ ሲያላላው ይሸረከታል። ለሽሮ፣ ለጤፍ፣ ለቅንጬ መጠኑ ይለያያል። በርበሬ ደግሞ ለብቻው ነው፤ የበርበሬ ወፍጮ ካለበት ክፍል አጠገብ ካልለመዱት አይቁሙ።

ድንጋዩ እየሠራ ሲሄድ ይለሰልሳል፣ መፍጨቱም ያቅተዋል። ያን ጊዜ ይወቀራል፤ በብረት መውቀሪያ ፊቱ እየተነቀሰ ሸካራነቱ ይመለስለታል። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ከተወቀረ በኋላ መጀመሪያ የሚፈጨው እህል የድንጋይ ብናኝ ስለሚቀላቀልበት ለሰው አይሰጥም። «መቼ ትወቅራላችሁ?» ብለው ይጠይቁ፤ ከዚያ ቀን ጋር ከገጠሙ ሌላውን ፕሮግራም ሰርዘው ያንን ይዩ። የወፍጮ ዕውቀት ሁሉ ያለው በወቀራው ላይ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ በጥብቅ እሰጣለሁ። ከሞተሩ ወደ ወፍጮው የሚዞረው ቺንጊያ ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የተለቀቀ ጸጉር፣ ሰፊ እጅጌ ይጎትታል። ነጠላዎን ወገብዎ ላይ ጠበቅ አድርገው ይታጠቁ፣ ሕፃናትን እጃቸውን ይዘው ያቁሙ። አቧራው ለአስም በሽተኛ አይሆንም፤ እንዲህ ያለ ሰው ደጅ ይጠብቅ።

በእጅ የሚፈጨው

በገጠሩ ቤት አንዳንድ ቦታ የእጅ ወፍጮ እስካሁን አለ። ዘንበል ብሎ በጭቃ መደብ ላይ የተቀመጠው ሰፊ ድንጋይ ወፍጮው ነው፤ በሁለት እጅ የሚገፋው ትንሹ ድንጋይ መጅ ይባላል። መጀመሪያ እህሉ ይሸረከታል፣ ከዚያ ተመልሶ እስኪልም ይፈጫል። ለእንጀራ የሚሆን ጤፍ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ አድካሚ ነው፤ ቅንጣቱ ትንሽ ስለሆነ ከመጁ ሥር ይሸሻል።

ፈቃድ አግኝተው ከገቡ መጁን ይቀበሉና ይሞክሩት። ክንድ ብቻ አይበቃውም። ጉልበት፣ ወገብ፣ ትከሻ አንድ ላይ ይገፋሉ። ጥቂት ከገፉ በኋላ ከድንጋዩ በታች የወረደችውን ዱቄት ይመልከቱ። ከዚያ አዲስ ዓለም ላይ ያዩትን ግቢ፣ የሠራዊቱን ብዛትና የግብሩን ቀን መልሰው ያስቡ። እናቶቻችን ይህን ሥራ ከጎህ በፊት ተነስተው፣ በጨለማ እያንጎራጎሩ፣ ልጅ አዝለው ሠርተውታል። የሞተር ወፍጮ ወደ መንደር ሲገባ ከማንም ይልቅ የተገላገሉት እነሱ ናቸው። ስለዚህ የእጅ ወፍጮው ሲቀር ማዘን የለብንም፤ የሚያሳዝነው ድንጋዩ በየጓሮው ተጥሎ ስለፈጩበት ሴቶች የሚናገር ሳይኖር መቅረቱ ነው። አንዲት አሮጊት ስለ ወፍጮ ሊያጫውቱዎ ከፈቀዱ አስፈቅደው ድምፃቸውን ይቅዱ። «አዴ፣ ስንት ዓመትዎ ላይ መፍጨት ጀመሩ?» ብለው ቢጀምሩ ሌላውን እሳቸው ይቀጥሉታል።

ወንጪ፦ ቁልቁለቱ፣ ሸለቆውና ደሴቱ

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ከአምቦ ወደ ደቡብ፣ በወሊሶ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይወጣሉ። ወንጪ በአስተዳደር የደቡብ ምዕራብ ሸዋ ነው፤ መንገደኛው ግን ከአምቦም ከወሊሶም ይመጣበታል። በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። ገበታ ለሀገር በተባለው ፕሮጀክት ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ከተመረጡት ሦስት ስፍራዎች አንዱ ሲሆን፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል። ከዚያ ወዲህ መንገዱም ማረፊያውም ተሻሽሏል። እንግዳ ግን በአዲሱ ሕንፃ ውስጥ ብቻ ውሎ ከተመለሰ ወንጪን አላየም።

ከጫፉ ላይ አስጎብኚና ፈረስ ከአካባቢው ሰዎች ይከራዩ። ሲወርዱ በእግር፣ ሲመለሱ በፈረስ ቢሆን ይመከራል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ዳገቱ ልብ ያደክማል። ሲወርዱ በየጓሮው የእንሰት ተክል ያያሉ። እዚህ ጥቂት ይቁሙ፣ ምክንያቱም እንሰት ያለ ወፍጮ ሰውን የሚመግብ ተክል ነው። ለምግብ ደርሶ የሚቆረጠው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ቆይቶ ነው። ሴቶች ግንዱን ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ይፍቁታል፣ የተፋቀውን በቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ይቀብሩታል፤ ሳምንታትና ወራት ቆይቶ ሲብላላ ቆጮ ይሆናል። የሚጠልለው ነጭ ቡላ ነው። ሲፍቁ ካገኙ ሩቅ ቆመው አይዩ፤ ቀርበው ሰላም ይበሉ፣ ይጠይቁ፣ ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ያስፈቅዱ።

በሸለቆው ውስጥ ጅረቶችና ፍል ውሃዎች ስላሉ አስጎብኚዎን «በውሃ የሚዞር ወፍጮ የሚሠራ አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁት። በደጋው ሀገር የውሃ ወፍጮ ጎማው የሚዞረው አግድም ተኝቶ ነው። ከወንዙ በቦይ የተጠለፈው ውሃ በቁልቁል አሸንዳ ወርዶ የጎማውን ክንፎች ይመታል፤ ከጎማው መሀል ቀጥ ብሎ የሚወጣው ዘንግ በላይኛው ወለል ያለውን ድንጋይ ያዞራል። ጥርስ የለው፣ ቺንጊያ የለው፣ ነዳጅ የለው። በኖርዌይ ገጠርና በኔፓል ተራሮችም ለዘመናት ሰዎች በዚሁ ዓይነት ሲፈጩ ኖረዋል። በዝግታ ስለሚዞር ዱቄቱ አይግልም፤ ለዚህ ነው ብዙ ባልቴቶች «የውሃ ወፍጮ ዱቄት ይጣፍጣል» የሚሉት፣ እኔም እስማማለሁ። እንዲህ ያለ ወፍጮ ካገኙ ከታች ወርደው ጎማውን ሳያዩ አይሂዱ፤ እርጥብ ድንጋይ ያንሸራትታልና ግን ከወፍጮው ባለቤት ጋር ይውረዱ። ክፍያው በብዙ ቦታ ከዱቄቱ ተቆንጥሮ ስለሆነ እርስዎም እንደ ሥርዓቱ ይክፈሉ።

ከሐይቁ ዳር ጀልባ ይሳፈራሉ። ሕይወት አድን ጃኬት ካልተሰጠዎት ይጠይቁ፤ ከሌለ ጀልባውን ይተዉት። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ጉዞው ከስድስት ሰዓት በፊት ይሁን። ደሴቱ ላይ በዛፍ የተከበበው ቤተ ክርስቲያን የወንጪ ቂርቆስ ነው። ቅዱስ ቂርቆስ ወር በገባ በ15 ይታሰባል፤ ዓመታዊ በዓሉም ጥር 15 ነው። በዚያ ቀን ምእመናን በጀልባ ሲሻገሩ ማየት ከፈለጉ አስቀድመው ቦታ ይያዙ። በሌላ ቀን ሲሄዱ ደግሞ ጫማ አውልቀው፣ ካህኑን ሰላም ብለው፣ የት ድረስ መግባት እንደሚፈቀድ ጠይቀው ይግቡ። ዛፍ አይቁረጡ፣ ቅጠል አይቅጠፉ። በደጋው ሀገር በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የተረፈው ደን የጥንቱ ደን ቁራጭ ነው፤ አዲስ ዓለምን ያስቆረቆረው እንጨት ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳየው እንዲህ ያለው ቦታ ነው።

እዚያው ካህናቱና የደሴቱ ሰዎች ፊት ምግብዎን ይፍቱ። ያስፈጩትን በሶ ይዘዋል። በትንሽ ጨውና በውሃ፣ ማር ከተገኘም በማር አሽተው ለሁሉም ያካፍሉ።

ሲመለሱ

በመጡበት መንገድ አይመለሱ። ከወንጪ ወደ ወሊሶ ወርደው፣ በቱሉ ቦሎ በኩል የበቾን ሜዳ እያቋረጡ አዲስ አበባ ይግቡ። በኅዳርና በታኅሣሥ መንገዱ በሁለቱም በኩል የታጨደ ጤፍ ክምር ነው። ከሰዓት በኋላ ከስምንት ሰዓት በፊት ከወንጪ ከተነሱ ሳይመሽ ይደርሳሉ፤ በሌሊት አይንዱ።

ዱቄቱን እቤት ሲደርሱ ከፕላስቲክ ከረጢቱ አውጥተው በንጹሕ ጨርቅ ላይ ያናፍሱት። ሲቀዘቅዝ በሚከደን ዕቃ አድርገው ደረቅ ቦታ ያስቀምጡ። የተቆላ የበሶ ዱቄት ወራት ይቆያል፤ ጥሬው ግን ቶሎ ይነቅዛል።

የቀዱትን ድምፅና ያነሷቸውን ፎቶዎች በስልክዎ ውስጥ አያስቀሯቸው። ፎቶዎቹን አሳትመው በሚቀጥለው ሹፌር ለባለቤቶቹ ይላኩ። የወፍጮውን ወሬ ደግሞ፣ የነገሩዎት ሰዎች ከፈቀዱ፣ ቀኑንና ቀበሌውን ጽፈው አንድ ቅጂ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ አንድ ቅጂ ለአዲስ ዓለም ማርያም ሙዚየም አስረጂ ይስጡ። በየጓሮው የተጣለ ወፍጮና መጅ ካዩም ለሙዚየሙ ይጠቁሙ፤ ከዘውዱና ከካባው ጎን የሚቀመጥ አንድ የተበላ ወፍጮ ለሚቀጥለው ጎብኚ ብዙ ያስረዳል።